ዘር ቆጠራን ከቃል ወደ ደብተር፦ በአራቱ ወቅቶች ከቤተሰብ ጋር የሚሠሩ ሥራዎች

ባሕር ዳር፦ ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ ቆጥሮ አባቶቹንና እናቶቹን በስም የሚጠራ ሽማግሌ ዛሬም በየአካባቢው አይጠፋም። ከጎኑ የተቀመጠው የልጅ ልጁ ግን ከአያቱ ስም አልፎ መቁጠር ይቸግረዋል። ይህ የሆነው ወጣቱ የማስታወስ ችሎታ ስላነሰው አይደለም፤ የመቁጠር ምክንያቱ ስለተለወጠ ነው።

በቀደመው የርስት ሥርዓት መሬት የሚገኘው በትውልድ ነበር። ከአቅኚው አባት መወለዱን ቆጥሮ ያላስረዳ ሰው የርስት ድርሻ መጠየቅ አይችልም። በጎጃምና በጎንደር ቆጠራው በአባት ብቻ ሳይሆን በእናት በኩልም ይሄድ ስለነበር የሴት አያቶች ስም አብሮ ተጠብቆ ኖሯል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፣ ዘር ቆጠራ ከመሬት ጋር የነበረው ትስስር ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ዋነኛ ምክንያት ሆኖ የቀረው ጋብቻ ነው፤ በክርስቲያኑ ልማድ ተጋቢዎች እስከ ሰባት ትውልድ አለመዛመዳቸው ይጣራልና።

ዛሬ በመጠሪያችን የሚከተለው የአባትና የወንድ አያት ስም ነው። የእናት፣ የሴት አያትና የቅድመ አያት ስም ግን ቤተሰቡ ካልጻፈው የሚያውቁት ሰዎች ሲያልፉ አብሮ ያልፋል። ለመጻፍ ደግሞ ደብተርና እስክርቢቶ፣ ከተገኘም ድምፅ የሚቀዳ የእጅ ስልክ ይበቃል። እያንዳንዱ ወቅትም ለዚህ የሚመች የራሱ ሥራ አለው።

ክረምት (ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25)

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ቤት የሚውሉበት፣ ዝናቡም ቤተሰቡን በጊዜ ወደ ቤት የሚሰበስብበት ወቅት በመሆኑ ለመጠየቅ ይመቻል። ብዙ አረጋውያን የተወለዱበትን ዓመት በቁጥር አያውቁም። ስለዚህ «መቼ ተወለዱ?» ከማለት ይልቅ በሚታወቁ ዘመናት ማስታከክ ይሻላል፤ የኅዳር በሽታ በ1911 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ወረራ ከ1928 እስከ 1933፣ አብዮቱ በ1966፣ ከባዱ ድርቅ በ1977 ዓ.ም. ነበር። አንዲት አያት «አብዮቱ ሲፈነዳ የበኩር ልጄ ገና እየዳኸ ነበር» ካሉ፣ ልጁ በ1965 ዓ.ም. ገደማ መወለዱን መገመት ይቻላል።

ልጆችም በእንቁጣጣሽ ሥዕል ሥለው ለዘመድና ለጎረቤት የመስጠት ልማድ አላቸው። ዘንድሮ ከአበባው ጋር የቤተሰቡን ዛፍ ሥለው፣ በየቅርንጫፉ ስም ጽፈው ለአያቶቻቸው ቢያበረክቱ ስጦታውም ትምህርቱም አንድ ላይ ይሆናል። ባዶ የቀረው ቅርንጫፍ አያትን ለማናገር በቂ ምክንያት ነው።

መፀው (ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25)

ይህ የእሸትና የአጨዳ ጊዜ ነው፤ ገበሬው ለወግ ፋታ የለውም። በማሳና በአውድማ ላይ ግን ስለ ቦታ ስም መጠየቅ ሥራ አያስፈታም። ያ ማሳ ስሙን ከማን አገኘ? ያ የፈረሰ ቤት የማን ነበር? ውሃ ይቀዳ የነበረው ከየት ነው? ከከተማ ዘመድ ሊጠይቁ የሚመጡ ወጣቶች መልሱን በቀላል የእጅ ካርታ ላይ ቢያሰፍሩት፣ በስም ብቻ የሚያውቋቸው ሰዎች የኖሩበትን ስፍራ ያውቃሉ።

በጋ (ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25)

ገና፣ ጥምቀትና የጥር ሠርግ ዘመድን ከያለበት ይሰበስባሉ። በሠርግ ዋዜማ ዝምድና ሲጣራ ሽማግሌዎች የሚናገሩትን በፈቃዳቸው መቅዳትና መጻፍ ያስፈልጋል። ሁለት ሽማግሌዎች የተለያየ ስም ከጠሩም አንዱን ከመሰረዝ፣ ሁለቱንም ከተናጋሪዎቹ ስም ጋር ማስፈር ይገባል።

የቆዩ ፎቶግራፎችም በዚህ ወቅት ይውጡ። በፎቶው ላይ ያሉትን የሚለዩ ሰዎች ባሉበት የእያንዳንዱን ስም፣ ቦታውንና ጊዜውን በጀርባው በእርሳስ በስሱ መጻፍ፣ ፎቶውንም በስልክ ማንሳት ይገባል። ኢድ አልፈጥርና ዒድ አልአድሃ (አረፋ) በየዓመቱ ወደ ፊት ስለሚመጡ በየትኛውም ወቅት ሊውሉ ይችላሉ፤ ለሙስሊም ቤተሰቦች ተመሳሳይ ዕድል ይሰጣሉ። እንደ ወሎ ባሉ አካባቢዎች ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ቤተሰብ ስለሚገኙ፣ መዝገቡ የሁለቱንም በዓል እንግዶች ቢያካትት የተሟላ ይሆናል።

ጸደይ (ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25)

ፋሲካ ምንጊዜም የሚውለው በዚህ ወቅት ነው። የጥየቃው ጊዜ በመሆኑ በቃል የተሰበሰበውን ከጽሑፍ ጋር ለማመሳከር ይረዳል። የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የድሮ የግብር ደረሰኝ፣ የዕድር መዝገብና የቆየ ደብዳቤ ስምና ዓመት ይይዛሉ። በአንዳንድ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታና ሽያጭ ከምስክሮቹ ስም ጋር ተጽፎ ይገኛል። ይህን ለማየት የደብሩን አስተዳዳሪ ማስፈቀድ፣ ለማንበብም የካህናቱን እገዛ መጠየቅ ተገቢ ነው። አንድ ሰው በአንዱ ቦታ በዓለም ስሙ፣ በሌላው በክርስትና ስሙ ሊጠራ ስለሚችል ሁለቱን ጎን ለጎን መጻፍ አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ከመቁጠር ያድናል።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

በየቤተሰቡ የማይነገር ነገር አለ፤ ደም መፋሰስ፣ ፍቺ፣ በረሃብ ወይም በጦርነት የጠፋ ልጅ ይኖራል። ተናጋሪው ዝም ካለ ዝምታውን ማክበር ያስፈልጋል። የማደጎ ልጅ በቤተሰቡ መዝገብ ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይገባል። ያልታወቀውን በግምት ከመሙላት «አልታወቀም» ብሎ መተው ይሻላል። መዝገቡ ሰውን ከሰው ለማበላለጥ የሚውል መሆን የለበትም፤ በእናቶች በኩል ወደ ኋላ የሄደ ሁሉ ሌላ አገር፣ ሌላ ቋንቋ ወይም ሌላ እምነት ያላቸው ዘመዶች ሊያገኝ ይችላል።

ስልክ ይጠፋል፣ ደብተርም በውሃና በእሳት ይበላሻል። የተሰበሰበውን ቢያንስ በሦስት ቅጂ አዘጋጅቶ አንዱን በገጠር፣ አንዱን በከተማ፣ አንዱን ራቅ ብሎ በሚኖር ዘመድ እጅ ማስቀመጥ ይመከራል። ሥራውን ዛሬ መጀመር የሚሻ ሰው በቤተሰቡ በዕድሜ ትልቋ ከሆኑት እናት ይነሣ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃቸውም የእናታቸውንና የሴት አያታቸውን ስም ይሁን።