ከመኪና መንገድ ዳር ቤት ስለ መግዛት
(የደብረ ታቦርን ከተማ ምሳሌ በማድረግ)

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ደብረ ታቦር በነበርንበት ወቅት የአንዳችን አክስት የሆኑ ሴት አንድ ጥያቄ አቀረቡልን። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ በእጃቸው በቀረው ገንዘብ ቤት ሊገዙ አስበው፣ ደላላው ሁለት ቤቶች አሳይቷቸዋል። አንደኛው በሩን በአስፋልቱ ላይ የከፈተ ሲሆን ሁለተኛው ወደ ውስጥ ገብቶ በእግር ሩብ ሰዓት ያህል የሚያስኬድ ነው። የመንገድ ዳሩ ቤት ክፍሎቹ ያነሱ፣ ጓሮውም የጠበበ ሆኖ ሳለ ዋጋው ከሌላው እጅግ ይበልጣል። እርሳቸውም «እናንተ ተምራችኋልና ንገሩኝ፤ የቱን ልግዛ?» አሉን። ገንዘቡ አንድ ጊዜ ከወጣ የማይተካ፣ የሚያሳድጉትም የልጅ ልጅ ደረቱን የሚያመው ስለ ነበረ፣ እንዲሁ በግምት ልንመልስላቸው አልደፈርንም። በጉዳዩ ላይ መርምረን የተረዳነውን እነሆ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ከተማውና መንገዱ

ደብረ ታቦር የመኪና መንገድ የወለደው ከተማ አይደለም። በመጀመሪያ የየጁ ራሶች፣ ቀጥሎም ዐፄ ቴዎድሮስ የተቀመጡበት፣ ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ደጋ ነው። ከከተማው ወደ ምሥራቅ ስለ ተሠራው ታላቅ መንገድ በታሪክ የሚነገረው የዐፄ ቴዎድሮስ ጉዞ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ፣ ዐለት እያስፈለጡና ገደል እያስደለደሉ በመጋቢት ወር መቅደላ ደርሰዋል። ያ መንገድ የተሠራው ለሚያልፈው ሸክም እንጂ በዳሩ ለሚኖረው ሰው ጥቅም አልነበረም።

የዛሬው አውራ ጎዳና ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጋይንት በኩል ወልድያ የሚደርሰው ነው፤ መጀመሪያ የተሠራውም በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቻይና መንግሥት ርዳታ ነው። ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር ያለው ርቀት 42 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በዚህ መካከል መንገዱ 900 ሜትር ገደማ ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ የጫነ መኪና ዳገቱን የሚወጣው በከባድ ማርሽ እያጓራ ነው። ይህም ነገር፣ ወደ ኋላ እንደምናየው፣ ከቤቱ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው።

ዋጋው የምን ዋጋ ነው?

አክስታችንን ስለ ጸጥታ ጥቅም ባነሣንላቸው ጊዜ «ልጄ፣ ጸጥታ አይበላም» ብለው መለሱልን። እውነታቸውን ነው። በመንገድ ዳር ያለ ቤት ሱቅ ይሆናል፤ ጠላና ዳቦ ይሸጥበታል፤ አንዱ ክፍል ለልብስ ሰፊ ወይም ለፀጉር አስተካካይ ይከራያል። እንግዲህ ገዢው አብልጦ የሚከፍለው ለግድግዳው ወይም ለቆርቆሮው ሳይሆን ለበሩ ነው። ከዚህም የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው፤ በበሩ የሚነግድበት ሰው ገንዘቡን መልሶ ሊያገኘው ይችላል፤ ሊተኛበት ብቻ የሚገዛው ሰው ግን የማይሠራበትን ነገር በውድ ዋጋ ገዛ ማለት ነው።

በሩም ቢሆን ሁሉ አንድ አይደለም። በመናኸሪያ አጠገብ መኪና ይቆማል፤ መንገደኛም ወርዶ ይበላል፣ ይገዛል። በዳገትና በመታጠፊያ ላይ ግን መኪናው አይቆምም፤ ለነዋሪው የሚተወው ጩኸቱንና ጭሱን ብቻ ነው። ስለዚህ ገዢ የሆነ ሰው ስንት መኪና ያልፋል ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ስንቱ ይቆማል ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ስለ ድምፅና ስለ ጭስ

የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ለአውሮፓ አገሮች ባወጣው መመሪያ፣ የመንገድ ትራፊክ ድምፅ በቀንና በሌሊት አማካይ ከ53 ደሲቤል፣ በሌሊት ብቻ ደግሞ ከ45 ደሲቤል በታች እንዲሆን አሳስቧል። ምክንያቱም ከዚያ በላይ የሆነ ጩኸት እንቅልፍን ስለሚያውክና የልብን ጤና ስለሚጎዳ ነው።

ብዙ ሰዎች ቤቱን ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ማራቅ የሚበቃ ይመስላቸዋል። ነገር ግን መኪና በማያቋርጥበት መንገድ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚቀንሰው በሦስት ደሲቤል ያህል ብቻ ነው። ከ10 ሜትር ወደ 20 ሜትር ብንርቅ ሦስት ይቀንሳል፤ ሌላ ሦስት ለመቀነስ ግን እስከ 40 ሜትር መሄድ ያስፈልጋል። በአጥር ላይ የተተከለ አንድ ረድፍ ባሕር ዛፍም ዓይንን እንጂ ጆሮን አይጋርድም። ድምፅን በእርግጥ የሚያግደው ክፍተት የሌለው የድንጋይ ግንብ፣ ወይም በመካከል የቆመ የሌላ ሰው ቤት ነው። የጭቃ ቤት ግድግዳው ወፍራም ቢሆን እንኳ፣ በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል በቀረው ክፍተት ድምፁ ይገባል።

ከድምፅ የባሰው ጭሱ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. የናፍጣ ሞተር ጭስ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች አንዱ መሆኑን ወስኗል። ዳገት የሚወጣ የጫነ መኪና ደግሞ ሞተሩ ስለሚጨነቅ ጭሱ ይበዛል። በበጋ ወራት አቧራው ሲጨመርበት፣ ደረቱን ለሚያመው ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለ ሕጉ

በአገራችን ቤት የሚገዛ ሰው የሚገዛው ቤቱን እንጂ መሬቱን አይደለም። የከተማ ቦታ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ሆኗል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥ ይከለክላል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ አዲሱ ባለይዞታ በሊዝ ሥሪት እንዲይዘው ደንግጓል። ገዢው ለሻጩ ከሚከፍለው ሌላ ይህንንም ወጪ አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

መንገድ ሲሰፋም ቀድሞ የሚነካው በዳሩ ያለው ቤት ነው። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሠረት ለቤት የሚከፈለው ካሳ የሚሰላው ቤቱን ለመተካት በሚያስፈልገው ወጪ ነው። ሰውየው አብልጦ የከፈለው ግን ለበሩ ስለ ሆነ፣ ያ ትርፍ ዋጋ በሙሉ ይመለስልኛል ብሎ ሊተማመን አይችልም። ስለዚህ ቀብድ ከመስጠት በፊት ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የከተማውን ፕላንና የመንገዱን ወሰን ማየት፣ ካርታውም በሻጩ ስም መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ውሉም በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 እንደ ታዘዘው በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት መደረግ አለበት። በደላላና በሁለት ምስክር ፊት ብቻ የተጻፈ ወረቀት አይበቃም።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የተረዳነው፣ በመንገድ ዳር ያለ ቤት በአንድ ጣራ ሥር ሁለት ነገር መሆኑን ነው፤ የሚነገድበት በርና የሚተኛበት አልጋ። መንገዱ ለበሩ ሲሳይ፣ ለአልጋው ግን ጠላት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መግዛት ግዴታ አይደለም፤ በር ሊከራይ ይችላል፤ የልጅ እንቅልፍና ሳንባ ግን በኪራይ አይገኝም።

ይህንኑ ለአክስታችን ነገርናቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ካሰቡ በኋላ «እንግዲያው ልጁ ከውስጥ ይደር፤ እኔ ዳቦዬን ይዤ ወደ መንገዱ እወጣለሁ» አሉ። የውስጡን ቤት ገዝተው፣ በተረፋቸው ገንዘብ በመናኸሪያው አቅራቢያ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራዩ። በየማለዳው ሩብ ሰዓት ሽቅብ መሄዱ ጉልበታቸውን እንደሚያደክማቸው አልሸሸጉንም፤ ይህም የምርጫው ዋጋ ስለ ሆነ ልንሰውረው አንወድም። ተመሳሳይ ጥያቄ የሚገጥማቸው አንባቢዎቻችንም ገንዘባቸውን ከመቁጠራቸው በፊት አንድ ሌሊት በዚያ ቤት አጠገብ አድረው እንዲያዳምጡ እንመክራለን።