የአዲስ ቤት ጓሮና የቤተ ሰብ ጤና

ብዙ ዓመት በኪራይ ቤት ኖሮ፥ ደመወዙን ቆጥቦ፥ በቦንጋ ከተማ ወይም የቡና መገኛ በመባል ስሟ በሚነሣው በማንኪራ የመጀመሪያ ቤቱን የገዛ ሰው ቁልፉን በተረከበ ማግስት ዶማ ይዞ ወደ ጓሮው ቢወጣ የሚያስመሰግነው ነው። (መሬት ከ1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ወዲህ የማይሸጥ ስለ ሆነ የሚገዛው ቤቱ ነው፤ ቢሆንም ጓሮው በይዞታው ውስጥ እስካለ ድረስ ሊለማ ይገባዋል።) እኛ በጤና አጠባበቅ ሥራ ላይ የምንገኝ ግን ምን ሊተክል እንዳሰበ ከመስማታችን በፊት ሰገራ ቤቱ በየት በኩል እንደ ሆነ እንጠይቀዋለን።

በከፋ ዝናቡ ከመጋቢት አንሥቶ እስከ ጥቅምት ይወርዳል፤ ምድሩም አብዛኛው ተዳፋት ነው። ሰገራ ቤቱ ከጓሮው በላይ የተቆፈረ እንደ ሆነ ጎርፉ ያገኘውን ሁሉ ጠርጎ ከጎመኑ ሥር ያወርደዋል። ስለዚህ ባለቤቱ ከባድ ዝናብ በሚጥልበት ቀን ከደጅ ቆሞ ውኃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ይመልከት። ጕድጓዱ ከቤቱና ከጓሮው ዝቅ ብሎ፥ ከምንጭ ወይም ከውኃ ጕድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ይቆፈር። የቀድሞው ባለቤት የተወው ሰገራ ቤት ከላይ በኩል ከሆነ፥ ወጪው ቢከብድም አዲሱን መቆፈር ከተክሉ ሥራ ይቅደም። ከላይ ያለው የጎረቤት ሲሆን ነገሩ ያስቸግራል፤ ተነጋግሮ ጎርፉን የሚመልስ ቦይ በድንበሩ ላይ ማውጣት እንጂ ሌላ ዘዴ የለውም።

ይህን ያህል የምንጨነቀው በተለይ ስለ መንጠቆ ትል ነው። ዕንቍላሉ ከታመመ ሰው ሰገራ ጋር በሜዳ ሲወድቅ በሞቃት፥ በርጥብና ጥላ ባለበት አፈር ውስጥ ይፈለፈላል፤ ለቡናና ለእንሰት የሚስማማው አፈር ለእርሱም ይስማማዋል። በዐይን የማይታየው ዕጭ በሳምንት ያህል ጊዜ ይጠነክርና በባዶ እግር የረገጠውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ከደም ጋር ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ጕሮሮ ወጥቶ ሲዋጥ ከአንጀት ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ደም ይመጣል። መምህራን የዚህን ትል ሥራ ሳያውቁት በየቀኑ ሊያዩት ይችላሉ። የዐይኑ ውስጠኛ ሽፋን የገረጣ፥ በትምህርት ሰዓት የሚያንቀላፋ፥ ጥቂት ሮጦ የሚያለከልክ ልጅ ሰነፍ ተብሎ ይገሠጻል፤ ምናልባት የጐደለው ደም ይሆናል። እንዲህ ያለው ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ፤ ትሉ በሰገራ ምርመራ ይታወቃል፥ በመድኀኒትም ይወጣል። ነገር ግን ልጁ በባዶ እግሩ ወደዚያው ጓሮ ቢመለስ እንደገና ይያዛል። ስለዚህ ዶማ የገዛ ሰው ለራሱና ለሚያግዙት ልጆች ጫማም ይግዛ። በቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዘመን በባዶ እግር መሥራት የሚያመጣውን የእግር ማበጥም የሚከላከለው ይኸው ጫማና ማታ ማታ እግርን በሳሙና መታጠብ ነው፤ በሽታው ርግማን አይደለም፥ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

የከብት ፍግ ለጓሮ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ትኩሱ አይበተን። ከቅጠል ጋር ተከምሮ እየተገላበጠ ሦስት ወር ያህል ይብላላ። የሰው ዐይነ ምድር ግን ለጓሮ አትክልት ፈጽሞ አይጨመር፤ የወስፋት ዕንቍላል በአፈር ውስጥ ዓመታት ሊቆይ ይችላልና።

በባሕር ማዶ በተማርንበት ጊዜ የጓሮ አትክልት መምህራን ፀሐይን ስለ መሻት አብዝተው ይነግሩን ነበር፤ እዚህ ግን የሚያስቸግረው የውኃ ብዛት ነው። መደቡ ከፍ ተደርጎ ተዳፋቱን አቋርጦ ይሠራ። ትልልቆቹን ዛፎች በችኰላ መቍረጥ አይገባም፤ አፈሩን የያዙት እነርሱ ናቸው፥ ኮረሪማና ጥምዝም ከጥላቸው ሥር ይበቅላሉ። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ መሆኑንም ባለቤቱ አይዘንጋ።

በመጀመሪያው ዓመት ምን ይተከል? እንሰት በቶሎ ይተከል፤ ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታልና። ቆጮ ሆድ ይሞላል፥ ብርታትም ይሰጣል፤ ገንቢ ንጥረ ነገሩና ቫይታሚኑ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ከአጠገቡ አደንጓሬ፥ ጎመን፥ ዱባ፥ ካሮትና ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ስኳር ድንች ይኑር። እነዚህ ብርቱካናማዎቹና ጥቍር አረንጓዴው ጎመን ሕፃናትን ከዳፍንት የሚጠብቀውን ቫይታሚን ኤ ያስገኛሉ፤ ጥቂት ቅቤ ወይም ዘይት ሲጨመርባቸው ደግሞ ሰውነት በይበልጥ ይጠቀምባቸዋል።

ስለ እንሰት አንድ ነገር እንጨምር። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ሊቃውንት በ1960 ዓ.ም. የእንሰት አጠውላጊ በሽታ ከባክቴርያ እንደሚመጣ በጽሑፍ አስታወቁ። ቅጠሉ ይገረጣል፥ ይጠወልጋል፤ ሲቈረጥም ቢጫ መሰል ፈሳሽ ያወጣል። መድኀኒት የለውም፤ ከተክል ወደ ተክል በብዛት የሚያሻግረውም ቢላዋ ነው። ቢላዋውን ከጎረቤት የተዋሰ ሰው ከመቍረጡ በፊት ስለቱን በእሳት ነበልባል ላይ በደንብ ያግለው፤ የታመመውንም ተክል ከነሥሩ ነቅሎ ከሌሎቹ አርቆ በጥልቅ ጕድጓድ ይቅበረው።