የብረት ማጠንከሪያ ምድጃ ሙቀት በባሌ ደጋ



የማጭድና የቢላዋ ስለት የሚጸናው በመዶሻ ብዛት ብቻ ሳይሆን በእሳቱም ልክ መሆኑ የታወቀ ነው። ብረቱ ግለቱ ሳይበቃው ወደ ማቀዝቀዣው ቢገባ እንደ ለሰለሰ ይቀራል፤ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ደግሞ ውስጡ ሻክሮ እንደ ሸክላ ይሰበራል።

በከሰልና በወናፍ ፈንታ፣ ከጡብ ትንሽ ምድጃ ሠርቶ በሲሊንደር ጋዝ ብረት ለማጋል የሚነሣ ባለ እጅ በሮቤ ወይም በጎባ ቢኖር፣ አስቀድሞ የአገሩን ከፍታ ማሰብ ይገባዋል። ጎባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ አየሯ በባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያ የሌለው የጋዝ ምድጃ አየሩን የሚስበው በጋዙ ግፊት ነው። ስለዚህ የወይብ ወንዝ በዋሻው በሚያልፍበት በቆላማው ሶፍ ዑመር ደኅና ይነድ የነበረ ምድጃ፣ ጎባ ሲወጣ አየር ያንሰዋል፤ ነበልባሉ ከምድጃው አፍ ወጥቶ ይረዝማል፤ የውስጡ ሙቀት ግን ይቀንሳል። ይህን አይቶ ጋዝ መጨመር ነገሩን ያብሳል፤ መድኀኒቱ የአየር መግቢያውን ማስፋት ወይም ጋዙን መቀነስ ነው።

እንግዲህ በሌላ አገር የተጻፈ የግፊት ቁጥር በባሌ ደጋ አያገለግልም። ከፍታ የማይለውጠው ምስክር ራሱ ብረቱ ነው። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲደርስ ማግኔት አይስበውም፤ የገበታ ጨውም በ801 ዲግሪ ይቀልጣል። ማግኔቱ መሳቡን ሲተው፣ በብረቱ ላይ ጥቂት ጨው ጣል አድርጎ መቅለጡን መመልከት ነው። ለተራው ስለታም ብረት ይህ ይበቃዋል። የመኪና ባሌስትራ ግን 840 ያህል ይፈልጋል፤ በውኃም ሊሰነጠቅ ስለሚችል በዘይት ይቀዝቅዝ።

የጠነከረው ብረት እንዳይሰበር፣ ገጹ ተወልውሎ በዝግታ እንደገና ይሞቃል። በ230 ዲግሪ አካባቢ የገለባ ቀለም፣ በ280 አካባቢ ሐምራዊ ይታይበታል፤ የፊተኛው ለቢላዋ፣ የኋለኛው ለመጥረቢያ ይስማማል።

ከሁሉ የሚበልጠው የሰው ሕይወት ነው። በደጋው ብርድ በር ዘግቶ መሥራት ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን አየር ያነሰው እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል። ስለዚህ በሩና መስኮቱ ይከፈት፤ ሲሊንደሩም ከእሳቱ ርቆ በደጅ ይቁም። በየጽሕፈት ቤቱ ያላችሁ ሁሉ፣ ባለ እጅ ምክር ሲጠይቃችሁ አስቀድማችሁ ይህን ንገሩት።