ጎፈራም ድመት በሽንፋ ሙቀት

ስልካችሁ ላይ ሳታዩት አልቀራችሁም። ሰው በሁለት እጁ ታቅፎት እንኳ ወደ ታች የሚንጠለጠል፣ አንገቱ ዙሪያ እንደ አንበሳ ጎፈር ያለው፣ ጅራቱ መጥረጊያ የሚያክል ትልቅ ድመት። ዝርያው ሜይን ኩን ይባላል። ወንዱ 8 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል፤ የኛ ሰፈር ድመት ግን 3 ወይም 4 ኪሎ ብትመዝን ነው። ቪዲዮውን አይቶ «ምነው እኔም ቤት በኖረ!» ያላለ ማን አለ?

እስቲ ምኞቱ ተሳካ እንበልና አንዷን ሽንፋ እናውርዳት። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት። የቤቱ ክዳን ቆርቆሮ ነው፤ መብራት ጠፍቷል። ድመቷ ምን ትሆናለች? እኛስ ምን ልናደርግላት እንችላለን? ጥያቄው ለጨዋታ የተነሣ ይመስላል። ግን መልሱን ስንከተል ስለ ዘረ መል፣ ስለ ሙቀት፣ እቤታችሁ ስላለችው አጭር ጸጉር ድመትም ጭምር ብዙ እንማራለን።

ጸጉሩ ከየት መጣ?

የቤት ድመት ሁሉ፣ ቀጭኑም ጎፈራሙም፣ የአንድ የዱር ድመት ዘር ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ፌሊስ ሊቢካ ይባላል። አገራችንን ጨምሮ በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ይኖራል። መልኩ አሸዋማ፣ ጸጉሩ አጭር ነው። የቤት ድመት ከዚህ የዱር ድመት መምጣቱን እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የዘረ መል ጥናት አሳይቷል። ቆጵሮስ ደሴት ላይ ደግሞ ከ9,500 ዓመት ገደማ በፊት ከሰው አጠገብ የተቀበረ ድመት ተገኝቷል።

ድመትና ሰው እንዴት ተገናኙ ካላችሁ፣ ያገናኛቸው እህል ነው። ሰው እህል አከማቸ፣ እህሉ አይጥ ጠራ፣ አይጡ ደግሞ ድመት ጠራ። የሽንፋ ገበሬ ማሽላውን ጎተራ ካስገባ በኋላ ከድመቷ ጋር ያለው ውል ዛሬም ያው ነው።

እንግዲህ ለድመት የመጀመሪያው ልብስ አጭሩ ጸጉር ነው ማለት ነው። ረዥሙ የመጣው በኋላ፣ በዘረ መል ለውጥ ነው። ኤፍ ጂ ኤፍ 5 የሚባል ዘረ መል አለ፤ ሥራው ለጸጉሩ «በቃ፣ ማደግ አቁም» የሚል መልእክት መስጠት ነው። ዘረ መሉ ሲበላሽ መልእክቱ በሰዓቱ አይደርስም፤ ጸጉሩም ማደጉን ይቀጥላል። ግልገሏ ጸጉረ ረዥም እንድትሆን የተበላሸውን ቅጂ ከእናትም ከአባትም መውረስ አለባት። ስለዚህ ሁለት አጭር ጸጉር ድመቶች ተዳቅለው አንዷ ግልገል ጎፈራም ሆና ብትወለድ ተአምር አይደለም፤ ወላጆቹ ቅጂውን ደብቀው ይዘውት ኖረዋል።

ይህ ለውጥ ሞቃት አገር ላይ ሸክም ነው። እንደ ኖርዌይ፣ ወይም ሜይን ኩን ስሙን እንዳገኘባት የአሜሪካዋ ሜይን ግዛት ባለ በረዶ በሚወርድበት አገር ግን ሀብት ሆነ። ከላይ ውሃ የሚመልስ ረዥም ጸጉር፣ ከሥር አየር አፍኖ የሚይዝ ለስላሳ ጸጉር፣ በጣቶች መካከል የበቀለ ጸጉር፣ ሲተኙ ፊት ላይ የሚጠቀለል ጅራት፤ ይሄ ሁሉ ተደምሮ ጋቢ፣ ካልሲና ብርድ ልብስ ነው።

እዚህ ላይ በኛ አገር ስም የምትጠራ ድመት እንዳለች ልንገራችሁ። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1868፣ ዙላ የምትባል ድመት ከኢትዮጵያ ወደ እንግሊዝ እንደተወሰደች ተጽፏል። ከሦስት ዓመት በኋላ ለንደን በተደረገ የድመት ትርኢት ላይ «አቢሲኒያን» የሚባል ድመት ቀረበ። የኋላ ኋላ የተደረጉ የዘረ መል ጥናቶች ግን የዝርያውን ምንጭ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ሕንድ አካባቢ ይጠቁማሉ። ከዚሁ አጭር ጸጉር ዝርያ አልፎ አልፎ ጎፈራም ግልገል ይወለድ ነበር፤ ምክንያቱን አሁን ታውቁታላችሁ። አንዲት አሜሪካዊት አርቢ ለነዚህ ጎፈራሞች ስም ስትፈልግ፣ ሶማሊያ የኢትዮጵያ ጎረቤት ናትና «ሶማሊ» አለቻቸው። ታዲያ ስሙን ሰምቶ «ይቺስ የበረሃ ድመት ናት፣ ሙቀት ትችላለች» ብሎ የሚገዛት ሰው ይሳሳታል። ሙቀት የሚቆጥረው ጸጉርን እንጂ ስምን አይደለም።

ሙቀቱ በየት በኩል ይውጣ?

ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። የመተማ ቆላ ደግሞ ወደ 700 ሜትር ዝቅ ይላል። በአማካይ 1,000 ሜትር በወረድን ቁጥር አየሩ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይሞቃል። አስሉት፤ ከጎንደር መተማ መውረድ ብቻውን ወደ 9 ዲግሪ ይጨምራል። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው።

የጤነኛ ድመት ሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ነው። ሙቀት ሁልጊዜ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል። አየሩ 25 ዲግሪ ከሆነ ከድመቷ ወደ አየሩ ይወጣል። አየሩ 41 ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሙቀቱ ከአየሩ ወደ ድመቷ ይገባል። ያን ጊዜ የሚቀረው አንድ መውጫ ትነት ብቻ ነው።

ትነትን ለመረዳት እንስራውን አስቡ። የሸክላው ጎን ሁልጊዜ ረጠብ ይላል፤ ያ እርጥበት ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፣ ውስጥ ያለው ውሃም ይቀዘቅዛል። እኛም በላብ የምንቀዘቅዘው እንደዚሁ ነው። ድመት ግን የሚያልባት በመዳፏ ሥር ብቻ ነው። ስለዚህ ሰውነቷን ትልሳለች፤ ምራቋ ሲተን ትቀዘቅዛለች። አጭር ጸጉር ላይ ምራቁ ቆዳው ድረስ ይጠጋል። ጎፈራሟ ድመት ግን የምታርሰው የጸጉሯን ጫፍ ነው፤ ቆዳዋ ጋ ያለው የታፈነ አየር ንቅንቅ አይልም።

ሌላም ነገር አለ። ትልቅ ድንችና ትንሽ ድንች አብረው ተቀቅለው ቢወጡ ቶሎ የሚቀዘቅዘው የትኛው ነው? ትንሹ። ሰውነት ሲተልቅ ክብደቱ ከገላው ስፋት ፈጥኖ ያድጋል። ባለ 8 ኪሎ ድመት ለያንዳንዱ ኪሎዋ ያላት የገላ ስፋት ከባለ 4 ኪሎዋ ድመት በ20 በመቶ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ጎፈሩ ባይኖርም እንኳ ትልቅነቷ ብቻውን ሙቀት ያቆይባታል።

ታዲያ ብንላጫትስ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ለመልሱ ግመሉን እንጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ክኑት ሽሚት ኒልሰን የሚባል ተመራማሪ ሰሃራ በረሃ ውስጥ አንድን ግመል ሸለተ። ግመሉ ቀለል የሚለው ይመስላችኋል? የተሸለተው ግመል ካልተሸለተው ይልቅ 50 በመቶ ያህል የበለጠ ውሃ በላብ አጣ! ጸጉሩ ጥላ ነበር። የፀሐዩን ሙቀት ላይ ላዩን ያስቀረዋል፤ ላቡ ደግሞ ከሥር፣ ቆዳው ላይ ይተናል።

ድመቷ ከዚህ ግማሹን ብቻ አላት። ጸጉሯ ከፀሐይ ይከልላታል፤ ከሥሩ ግን የሚተን ላብ የለም። ስለዚህ ጠቅላላ መላጨት ቆዳዋን ለፀሐይ ቃጠሎ ያጋልጣል፣ በተለይ ነጭ ከሆነች። የሚሻለው ረዥሙን የላይ ጸጉር ትቶ የታችኛውን አፋኝ ጸጉር በማበጠሪያ ማውጣት ነው።

አንበሳም ቢሆን ለጎፈሩ ይከፍላል። ከሽንፋ ደቡብ፣ እዚያው ምዕራብ ጎንደር ውስጥ፣ የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ አንበሶች እንዳሉበት እ.ኤ.አ. በ2016 በካሜራ ተረጋግጧል። ሴሬንጌቲ ላይ የተደረገ ጥናት ጥቁር ጎፈር ያላቸው አንበሶች ገላቸው ይበልጥ እንደሚሞቅ አሳይቷል። ሞቃት ቦታ ላይ የሚኖሩ አንበሶችም ጎፈራቸው ሳሳ ያለ ነው።

ሰዓትና ቦታ መለወጥ

ሽንፋ ወንዝ ዳር ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር መጽሔት ላይ እንደወጣው ጥናት፣ በበጋ ወንዙ ሲቆራረጥ ሰዎቹ በየኩሬው የቀረውን ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ሰውነታቸውን መለወጥ አልቻሉም፤ አኗኗራቸውን ግን ከወቅቱ ጋር አስማሙ። የጎፈራም ድመት እንክብካቤም ይኸው ነው።

ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ከሰዓት አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ድመቷ ጥላ ውስጥ ትዋል። የሳር ክዳን ቤት ከቆርቆሮ ቤት ይሻላታል። ወለሉ ላይ ውሃ ርጩላት፤ ነፋስ የሚገባበት መስኮት ክፈቱላት። ጨዋታውና ማበጠሩ ለማለዳ ወይም ለምሽት ይሁን።

ማበጠሩ በየቀኑ ቢሆን ጥሩ ነው። ጥርሱ ሰፋ ያለ የብረት ማበጠሪያ ያዙ፤ ብብቷን፣ ሆዷንና ከጆሮዋ ኋላ ያለውን አትርሱ። ጸጉሩ እዚያ ከተቋጠረ ቆዳዋን እየጎተተ ያቆስላል። ጭጎጎቱ፣ ቁንጫውና መዥገሩም የሚደበቁት እዚያ ነው። የተቋጠረውን በመቀስ ለመቁረጥ አትቸኩሉ፤ የድመት ቆዳ ስስ ነው፣ አብሮ ይቆረጣል።

ውሃ በኪሎ 50 ሚሊ ሊትር ያህል በቀን ያስፈልጋታል፤ ለ8 ኪሎዋ 400 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በሸክላ ዕቃ፣ ጥላ ሥር፣ ሁለት ሦስት ቦታ አስቀምጡላት።

ምግቡ ላይ ብዙ ቤት ይሳሳታል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራሉ፤ ስለዚህ ወጥ አትስጧት፣ የዶሮ ወጥም ቢሆን። ድመት ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ከሥጋ ወይም ከዓሣ ካላገኘች ዐይኗም ልቧም ይጎዳል። እናንተ ብትጾሙ እሷ ጾም የለባትም። ሜይን ኩን ላይ ደግሞ የልብን ጡንቻ የሚያወፍር የዘር በሽታ አለ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የሆነው የዘረ መል ለውጥ እ.ኤ.አ. በ2005 ተለይቷል። በሙቀት የምትደክም ልብ ላይ ይህ ሲጨመር አስቡት።

አፏን ከፍታ ካለከለከች እንደ ውሻ እንዳታዩት! ለድመት ማለክለክ የአደጋ ምልክት ነው። ብትንገዳገድ፣ ብታስመልስ፣ ወይም ድዷ ቢቀላ ወዲያው ወደ ጥላ ውሰዷት። ለብ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ጸጉሯን እስከ ቆዳው አርሱ፤ በረዶ ግን አይሁን። አራግቡላት፤ ከዚያ ወደ እንስሳት ሐኪም ፍጠኑ።

አንድ ነገር ደግሞ ለማንኛዋም ድመት ይሠራል፦ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። በሽታው ከድመትም ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ ደግሞ ማዳን አይቻልም ማለት ይቀላል። ድመት ከነከሰቻችሁ ወይም ከቧጨረቻችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ለወላጆቻችሁ መናገር አትፍሩ፤ ከቁጣ ይልቅ ዝምታው ይገድላል።

እና ትምጣ ወይስ ትቅር?

በየቀኑ የሚያበጥራት፣ ቀትር ላይ የሚያያት ሰው፣ ቅርብ የሆነ የእንስሳት ሐኪምና ቀዝቃዛ ክፍል ካለ መኖር ትችላለች። እነዚህ ከሌሉ ግን ለኛ ደስታ ስንል እሷን ብርድ ልብስ አልብሰን እሳት ዳር ማስቀመጥ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ሽንፋ ላይ አላመጣትም።

ጎተራ ሥር የተጋደመችው አጭር ጸጉር ድመታችሁ ግን ለዚህ አገር ልክ ናት። እሷም ብትሆን ውሃ፣ ክትባትና ጥንቃቄ ትፈልጋለች፤ የአይጥ መርዝ የምትጠቀሙ ከሆነ መርዝ የበላ አይጥ እሷንም ሊገድላት ይችላል።

ነገ ቀትር ላይ አንድ ሙከራ አድርጉ። ድመታችሁ የተኛችበትን ቦታ ፈልጉና፣ ስትነሣ ከጎኑ ያለውን ወለል በመዳፋችሁ ዳስሱ። ከዚያ የቤቱን ሌላ ወለል ሁሉ እየዞራችሁ ዳስሱና አወዳድሩ። ከሷ መኝታ የቀዘቀዘ ቦታ ካገኛችሁ፣ ውሃዋን እዚያ አኑሩላት።