የዶዮገናን አውራ በግ ከማን እንግዛ?

በፋሲካ ወይም በመስቀል ሰሞን በከምባታና በሐዲያ ከተሞች የበግ ገበያ የተዘዋወረ ሰው፣ የገዢው ሁሉ ዓይን በአንድ ዓይነት በግ ላይ እንደሚያርፍ ሳያስተውል አይቀርም። ይህም በለጋ ዕድሜው የገዘፈ፣ ደረቱ የሰፋ፣ ላቱ የወረደ አውራ በግ ነው። ነጋዴው ይሻማበታል፤ ባለቤቱም ከሌሎቹ አስቀድሞ ይሸጠዋል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ግን ይኸው በግ ታርዷል። የሥነ ሕይወት ተማሪ እዚህ ላይ ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። በጉ ፈጥኖ ያደገው በከፊልም ቢሆን ከወላጆቹ በወረሰው ባሕርይ ከሆነ፣ ያ ባሕርይ አንድ ግልገል እንኳ ሳይተካ መታረዱ መንጋውን ምን ያደርገዋል?

መልሱ የሚያስደስት አይደለም። ቤት የሚቀረውና እናት በጎችን የሚያጠቃው ገዢ ያጣው ጠቦት ይሆናል። ይህ ሂደት የተገላቢጦሽ መረጣ ሊባል ይችላል። መረጣ መኖሩ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን የሚመረጠው ለሞት ነው። ማንም ሆን ብሎ የሚያደርገው ነገር አይደለም። የልጆች ትምህርት ቤት ወጪና የማዳበሪያ ዕዳ አርቢው ቶሎ የደረሰለትን እንዲሸጥ ያስገድዱታል።

ዶዮገና ከሆሳዕና በስተደቡብ፣ ዛሬ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በከምባታ ዞን ውስጥ የምትገኝ፣ እንሰት በየጓሮው የሚበቅልባት ደጋማ ወረዳ ናት። በጎቿ ረጅምና ወፍራም ላት ካላቸው የአገራችን በጎች የሚመደቡ ሲሆን፣ መንታ በመውለድም ይታወቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በአረካ ግብርና ምርምር ማዕከልና በዓለም አቀፉ የደረቅ አካባቢዎች የግብርና ምርምር ማዕከል (ኢካርዳ) ትብብር በዶዮገናም ተጀመረ። የሥራው መሠረተ ሐሳብ ቀላል ነው። አርቢዎች በማኅበር ተደራጅተው ምርጥ ምርጦቹን ጠቦቶች በተዘዋዋሪ ገንዘብ ይገዙና በቡድን ይጠቀሙባቸዋል። አውራው ተራውን ከጨረሰ በኋላ ደልቦ ይሸጣል። ገበያ መውጣቱ አልቀረም፤ የሚወጣው ግን ልጆቹን ትቶ ነው። ማኅበራቱ ከራሳቸው የተረፈውን ምርጥ አውራ ለሌሎች አካባቢዎች አርቢዎች ይሸጣሉ። በዚህም የተነሣ «የዶዮገና አውራ» የሚለው ስም በገበያ ዋጋ ያለው ስም ሆኗል። ስም ዋጋ ሲያወጣ ደግሞ ገዢው ስሙን ከበጉ ለይቶ የሚያውቅበት ዘዴ ያስፈልገዋል።

ዓይን የሚያየውና የማያየው

ሥጋ የሚገዛ ሰው የሚያየውን ይገዛል፤ ዘር የሚገዛ ሰው ግን የሚገዛው የማያየውን ነው። ለስሌት ያህል በአንድ መንጋ የስድስት ወር ጠቦቶች አማካይ ክብደት 22 ኪሎ ግራም ነው እንበል። እኛ 30 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን መረጥን። ብልጫው 8 ኪሎ ግራም ነው። በጠቦቶቹ መካከል ካለው የክብደት ልዩነት በውርስ የመጣው ሩብ ያህሉ ነው ብለን ብንነሣ፣ ከ8ቱ ኪሎ የዘር ድርሻ ሆኖ የሚጠበቀው 2 ኪሎ ብቻ ነው። አባት ለልጁ የሚያካፍለው ደግሞ ካለው ዘር ግማሹን ስለሆነ፣ ግልገሎቹ ከእርሱ በአማካይ የሚያገኙት ብልጫ 1 ኪሎ ይሆናል። የቀረው የአባትዬው ብልጫ የእናቱ ወተት፣ የእንሰቱ ቅጠልና የደሾው ሣር፣ የባለቤቱም ትጋት ውጤት ነው። እነዚህን ደግሞ ከበጉ ጋር ጭነን ልንወስዳቸው አንችልም። አንድ ኪሎ ትንሽ መስሎ ከታየ፣ አንድ አውራ በዓመት ሃያና ሠላሳ እናት በጎችን ሊያጠቃ እንደሚችል ማስታወስ ይበጃል። እናት በግ በዓመት የምትተካው አንድ፣ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ግልገል ነውና በአውራው ምርጫ ላይ የሚፈጸም ስሕተት ክብደቱ የተለየ ነው።

ከዚህ የሚብስ አሳሳች ነገርም አለ። መንታ ሆኖ የተወለደ ጠቦት የእናቱን ወተት ስለሚካፈል ለብቻው ከተወለደው እኩያው አንሶ ይታያል። ስለዚህ ገዢው በዓይኑ ብቻ ትልቁን ሲመርጥ፣ ሳያውቀው ለብቻቸው የተወለዱትን፣ ማለትም መንታ ካልወለዱ እናቶች የተገኙትን እየመረጠ ነው። የዶዮገናን በግ የፈለገው መንታ ይወልዳል ተብሎ ከሆነ፣ ሊገዛ የመጣውን ባሕርይ ራሱ ጥሎ ሄደ ማለት ነው! 27 ኪሎ ከሚመዝን ነጠላ ይልቅ 24 ኪሎ የሚመዝን መንታ የተሻለ ዘር ሊኖረው ይችላል። ይህን ደግሞ በጉን ደጋግሞ በማየት ማወቅ አይቻልም። አውራ በግ ራሱ አይወልድምና መንታ የመውለድ ዘር ይኑረው አይኑረው የሚታወቀው ከእናቱ፣ ከአያቱና ከእኅቶቹ ታሪክ ነው። መንታ መውለድ በውርስ የሚተላለፍበት መጠን ዝቅተኛ ስለሆነም የአንዲት እናት የአንድ ጊዜ ወሊድ ብዙ አይነግረንም። የብዙ ዘመዶች መዝገብ ያስፈልጋል።

በማኅበራቱ ዘንድ እያንዳንዱ ግልገል በጆሮው ላይ መለያ ቁጥር ይደረግለታል፤ የተወለደበት ቀን፣ እናቱ፣ ነጠላ ወይም መንታ መሆኑ፣ በልደቱ፣ ጡት ሲጥልና በስድስት ወሩ የነበረው ክብደት ይመዘገባል። ከዚህ መዝገብ ተመራማሪዎች የእናትን ዕድሜ፣ የልደት ዓይነትንና ወቅቱን አካክሰው፣ የዘመዶቹንም ውጤት አክለው የጠቦቱን የዘር ዋጋ ያሰላሉ። ከዚያ በኋላ ነው አርቢዎቹ ራሳቸው የመረጧቸው ሽማግሌዎች ቁመናውን፣ ቀለሙን፣ ላቱንና እግሩን አይተው የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጡት። ዓይን ከሥራው አልተሻረም፤ ተራው ሁለተኛ ሆነ እንጂ። ይህ ቅደም ተከተል ተገቢ ይመስለኛል። ስሌቱ ብቻውን እግረ ቆልማማ በግ ሊያስመርጥ ይችላልና።

እንግዲህ የታመነ አርቢ ማለት የበጉን ታሪክ የሚነግር ሳይሆን ታሪኩን ጽፎ የሚያሳይ ነው። እናቲቱን አሳየኝ ሲሉት ወደ በረቱ ይወስዳል። መንታ ነበር ካለም የመንታውን ወንድም ወይም እኅት የት እንደደረሰ ያውቃል። ከምንም በላይ ያላማረውን ጠቦት ለአውራነት አልሸጥም የሚል ነው። ያለውን ሁሉ «ምርጥ ዘር ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው፣ ምንም አልመረጠም ማለት ነው።

ንጹሕ ዘር ሲባል

ብዙ ገዢዎች የሚጠይቁት «ንጹሕ የዶዮገና ነው?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን የትም አያደርስም። እ.ኤ.አ. በ2007 ሰሎሞን ግዛውና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት፣ በተለምዶ በየራሳቸው ስም የሚጠሩ 14 የኢትዮጵያ በግ ዓይነቶች በዘረመልና በቁመና ሲመረመሩ 9 ዝርያዎች ሆነው ተገኝተዋል። በደቡብ በስፋት የሚታወቀው አዲሎም ከአርሲ ባሌ በግ ጋር በአንድ ዝርያ ተመድቧል። ገበያ የሚሰጠው ስምና ተፈጥሮ የሚያሰምረው ወሰን ሁልጊዜ አይገጥሙም።

ንጽሕናን እስከ መጨረሻው ጫፍ የወሰዱት የአውሮፓና የአሜሪካ ውሻ አርቢዎች ናቸው። በዚያ የዘር መዝገብ የሌለው ቡችላ ከዝርያው እንደማይቆጠር የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ዳልሜሽያን የተባለው ነጭ መደብ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ውሻ፣ በመዝገቡ ንጹሕ የሆነው ሁሉ፣ በሽንቱ ከመጠን ያለፈ ዩሪክ አሲድ የሚያስወጣና በፊኛ ጠጠር ለመታመም የተጋለጠ ነበር። ጤነኛው የዘር ቅጂ ከዝርያው ፈጽሞ ጠፍቶ ነበርና ምርጫ ብቻውን አያድነውም። እ.ኤ.አ. በ1973 ሮበርት ሻይብል የተባሉ አሜሪካዊ የዘረመል ባለሙያ ከሌላ ዝርያ፣ ከፖይንተር ጋር አዳቅለው የጠፋውን ቅጂ መለሱ። የአሜሪካው የውሻ ክለብ የእነዚህን ውሾች ልጆች በመዝገቡ የተቀበለው ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በነገራችን ላይ በአዲስ አበባ የጀርመን እረኛ ውሻ ቡችላ ለመግዛት የሚያስብ አንባቢም እናቲቱንና ያለችበትን ሁኔታ በዓይኑ ሳያይ ገንዘብ ባይከፍል መልካም ነው።

የዳልሜሽያኑ ዓይነት አደጋ ወደ በጎቻችን የሚመጣው በዝምድና መዳቀል በኩል ነው። አውራ ከገዛ ልጁ ጋር ቢዳቀል፣ የሚወለደው ግልገል ካሉት የዘር ጥንዶች በአማካይ 25 በመቶው የአንድ ቅድመ አያት ቅጂ ሁለት ጊዜ የተደገመባቸው ይሆናሉ። በአባት ብቻ የሚገናኙ ወንድምና እኅት ቢዳቀሉ መጠኑ 12.5 በመቶ ነው። ተደብቆ የኖረ ጎጂ ቅጂ ራሱን የሚገልጠው ያን ጊዜ ነው፤ ግልገሎች ይመነምናሉ፣ ሞትም ይበዛል። የማኅበራቱ አውራዎች ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ሌላ ቡድን የሚዛወሩበት ወይም የሚሸጡበት አንዱ ምክንያት ልጆቻቸው ለስሪያ መድረሳቸው ነው። እርባታ ሊጀምሩ የተደራጁ ወጣቶች አንድ አውራና አምስት እንስት ከአንድ ቤት በቅናሽ ሲገዙ ግን ስድስቱም የአንድ አባት ልጆች ሊሆኑ እንደሚችሉ ብዙ ጊዜ አያስቡትም። አውራውን ከአንዱ ማኅበር፣ እንስቶቹን ከሌላው መግዛት የሚጠይቀው ተጨማሪ ወጪ ቢኖር የመኪና ኪራይ ነው።

መዝገቡ ያማረ በግም ቢሆን ከመገዛቱ በፊት በእንስሳት ሐኪም መታየት አለበት። ሁለቱ ቆለጦች እኩል፣ ጠንከር ያሉና ያለ እብጠት መሆናቸው፣ ጥርሱና ሰኮናው፣ ውርጃ ከሚያስከትለው ብሩሴሎሲስ ነጻ መሆኑ ይጣራል። በደጋ ያደገ አውራ ወደ ቆላ ከተወሰደ ያ በመዝገብ የታየ ብልጫው እዚያ ላይታይ ይችላል። ሙቀቱም ሆነ መኖው ሌላ ነው። አዲሱ አውራ ከመንጋው ተለይቶ ለጥቂት ሳምንታት መቆየቱ በሽታ እንዳያስገባ ይረዳል። በመንገድ ላይ ትኩሳት ይዞት ከነበረም ወዲያው እናት በጎች አልጸነሱም ብሎ ሻጩን መክሰስ ተገቢ አይደለም። በአውራ በግ ቆለጥ ውስጥ የወንዴ ዘር ከመነሻው እስከሚበስል ሁለት ወር ያህል ይፈጃልና ትኩሳቱ የጎዳው ዘር በአዲስ እስኪተካ መጠበቅ ያስፈልጋል።