ስለ ቆዳ ጫማ አያያዝና ስለ እግር ጤና

በጎጃም ደጋ ሰኔ ግም ካለ ጀምሮ መስከረም እስኪጠባ ድረስ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ደብረ ኤልያስ፥ ወደ ደምበጫ ወይም ወደ ጮቄ ግርጌ በእግሩ የሚሄድ መንገደኛ ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። ቀዩ አፈር ውሃ በጠጣ ጊዜ እንደ ሊጥ ይሆናል፤ ከጫማው ሥርና ከጎኑ ተጣብቆ አንዱን እግር የሁለት ያህል ያከብደዋል። እንዲህ ባለው ቀን ማታ ከቤቱ የደረሰ ሰው ደክሞታልና ጫማውን አውልቆ ከእሳቱ አጠገብ ይጥለዋል፤ ጧትም እንደ ደረቀ ይጫማዋል። በዚያች ሌሊት የጫማው ዕድሜ በብዙ ወራት እንዳጠረ አያስተውልም። ጉዳዩ የጫማ ዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍንበትም ነበር።

ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት በአካባቢያችን የማያውቅ ሰው የለም። በገበያ፥ በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ፥ በጠበል ሥፍራ የታመሙትን አይተናል። ብዙ ዘመን እርግማን ነው፥ ከሰው ወደ ሰውም ይጋባል ሲባል ስለ ኖረ፥ የታመመው ሰው በእግሩ ሕመም ላይ የጎረቤቱ መሸሽ ተጨምሮበት ይኖራል። ኤርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በኢትዮጵያ ሲሠሩ ሳሉ፥ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት፥ የዚህን እብጠት ምክንያት ከአፈሩ ጋራ አያያዙት፤ እግርና ትቢያ ከሚሉት ሁለት የግሪክ ቃላት የወጣውም ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው ስም ከዚያ ወዲህ ጸና። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር እጅግ ደቃቅ የሆኑ ቅንጣቶች አሉት። እነዚህ በባዶ እግር ቆዳ ዘልቀው ይገቡና በሰውነት ውስጥ ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን ቀጫጭን ሥሮች ያቆስላሉ፥ ይደፍናሉም። ዓመታት ሲያልፉ እግሩ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ያብጣል። በባዶ እግር ከሚሄዱት ሁሉ አንዳንዱን ብቻ የሚይዘው በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት ስላለ ነው፤ ተላላፊ ግን አይደለም። ሕመሙ የሚበዛው ከፍታው ከ1,000 ሜትር በሚበልጥና በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚያገኝ በቀይ አፈር አገር ነው፤ ይህም የእኛ አገር መልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ከመቶው ሰው 3 ያህሉ በዚህ ሕመም የተያዙ መሆናቸውን አሳይቷል።

መከላከያው ምንድር ነው ቢሉ፥ ከልጅነት ጀምሮ መጫማትና እግርን በየቀኑ መታጠብ ነው። እንግዲህ በሌላ አገር ለጌጥ የሚታሰበው ጫማ በእኛ አገር በእግርና በአፈር መካከል የቆመ አጥር ነውና፥ ጎኑ ተሰንጥቆ ወይም ሥሩ ተላቆ ጭቃ ካስገባ አጥርነቱ ቀርቷል።

ለደጋ መንገድ ከሚሆኑት ጫማዎች ሁሉ ቁርጭምጭሚትን ሸፍኖ በክር የሚታሰረውን ወፍራም የቆዳ ጫማ እንመርጣለን። ከስክስ የምንለው የወታደር ጫማ፥ ተራራ የሚወጡ መንገደኞችም ከ4,000 ሜትር ወደሚበልጠው ወደ ጮቄ ራስ ሲወጡ የሚጫሙት ከዚሁ ወገን ነው። የላስቲክ ጫማ የተጫማ ሰው ግን በዚህ ሊያፍር አይገባውም፤ አፈሩን ከእግሩ እስካራቀለት ድረስ ሥራውን ሠርቶለታል፤ ለእርሻና ለጉድጓድ ሥራማ ላስቲኩ ይሻላል። ቆዳ የሚበልጠው ላብን ስለሚያሳልፍ፥ እንደ እግሩም ቅርጽ ስለሚለምድ፥ ሲቀደድም ስለሚሰፋ ነው።

የቆዳን ጠባይ ከአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ከመጽሐፍ አልተማረውም። ደበሎ ለብሶ በዝናብ የዋለ ተማሪ፥ ደበሎውን ከፀሐይ ላይ ቢያሰጣው እንደ ሳንቃ ደርቆ እንደሚቆየው ያውቃል። ብራና በመወጠሪያ ተወጥሮ ሲፋቅም አይቷል። ብራና ያልለፋ ቆዳ ነውና ውሃ ሲነካው ይኮማተራል፤ መጽሐፉ የሚገባበት ማኅደር ግን ከለፋ ቆዳ ስለሚሰፋ የመንገዱን ጠል ይችላል። የጫማ ቆዳ እንደ ማኅደሩ የለፋ ነው። ውስጡን ቢመለከቱት እንደ ድርና ማግ የተጠላለፉ ረቂቅ ክሮች አሉበት፤ በክሮቹም መካከል ያለው ቅባት አንዱ በሌላው ላይ እንዲንሸራተት ስለሚያደርግ ቆዳው ሲታጠፍ አይሰበርም። ውሃ ደጋግሞ ሲገባበትና ሲወጣበት ቅባቱ ይቀንሳል። እርጥብ ሳለ እሳት ካገኘው ደግሞ ክሮቹ ተኮማትረው እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ፤ ከዚህ በኋላ የሚመልሳቸው ቅባት የለም።

ከምናስተምራቸው ልጆች አንዱ አባቱ ሁለት በግ ሸጦ የገዛለትን ከስክስ ተጫምቶ ይመጣ ነበር። በሰኔ መጨረሻ፥ በፈተናው ሳምንት፥ ጫማው በስብሶ ወደ ቤቱ ገባ። እናቱ ለልጇ አዝና ከምድጃው ጎን አቆመችለት። ጧት ጫማው ደርቆ ነበር፤ ነገር ግን ጣት ከሚታጠፍበት ላይ በሁለቱም በኩል ተሰንጥቆ ተገኘ። ልጁ የቀረውን ፈተና በባዶ እግሩ ተመላልሶ ጨረሰ፤ ክረምቱንም እንዲሁ አሳለፈው። ይህን የጻፍነው እናቲቱን ለመንቀፍ አይደለም፤ እርጥብ ነገር በእሳት ይደርቃል ማለት ለሸማም ለእንጨትም የሚሠራ ዕውቀት ነውና፥ ቆዳ ግን ከዚህ የተለየ መሆኑን የነገራት ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ከመንገድ እንደ ገቡ፥ ጭቃው ሳይደርቅ፥ ጫማውን ማጠብ ይገባል። ይደርና ይራገፋል የሚሉ አሉ፤ እኛ በዚህ አንስማማም። ቀይ አፈር ሲደርቅ ከቆዳው እርጥበቱንና ቅባቱን ይዞ ይደርቃል፤ በእጥፋቱም ውስጥ የቀረው ቅንጣት በየእርምጃው እንደ ሞረድ ይበላዋል። ክሩን ፈትቶ አውጥቶ፥ ወፍራሙን ጭቃ በእንጨት ስንጥር ጠርጎ፥ የቀረውን በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጨርቅና በለስላሳ ብሩሽ ማስለቀቅ ነው። ሥሩ ከላዩ ጋራ የተሰፋበትን መስመርና ምላሱ የተያያዘበትን ጉጥ ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ጫማ መበስበስ የሚጀምረው ግን ከዚያ ነው። ሳሙና ካስፈለገ ጥቂት ይበቃል። የልብስ ማጠቢያ ዱቄትና አመድ ግን ቅባቱን አሟጠው ስለሚያወጡ ለቆዳ ጫማ አይሆኑም። ባልዲ ውስጥ መዘፍዘፍም እንዲሁ ክፉ ነው።

ከታጠበ በኋላ የውስጡን ንጣፍ አውጥቶ፥ አፉን በሰፊው ከፍቶ፥ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ማቆየት ነው፤ እሳትም የቀትር ፀሐይም አይንካው። በውስጡ የተጨማደደ ጋዜጣ ቢከቱበት እርጥበቱን ይስብለታል፤ ጋዜጣው ሲርስ ማውጣትና ሌላ መተካት ይገባል። ጋዜጣ በሌለበት ቤት በጨርቅ ከረጢት የታሰረ ንጹሕ የጤፍ ጭድ ይሠራል። (ይህችን መጽሔት ግን፥ የቅዱሳን ሥዕል አለባትና፥ ለዚህ ሥራ እንዳታውሏት እንለምናለን።) በክረምት እንዲህ የተቀመጠ ጫማ ለመድረቅ አንድ ቀን፥ አንዳንድ ጊዜም ሁለት ቀን ይፈልጋል። ሁለት ጥንድ ያለው እያፈራረቀ ይጫማል። አንድ ብቻ ያለው ግን ማታውኑ አጥቦ ጋዜጣውን ከመተኛቱ በፊት ይለውጥ፤ ጧትም ጥቂት እርጥበት ቢቀረው በደረቅ ካልሲ መጫማት ከምድጃ ዳር ከደረቀው ይሻላል።

ወደ ቅባቱ እንምጣ፤ ክርክሩ የሚበዛው በዚህ ላይ ነውና። በብዙ ቤት ቅቤ ይቀባል። ቅቤ ለራስና ለወጥ ነው፤ በጫማ ላይ ይሸታል፥ ሻጋታ ይጠራል፥ አይጥና ውሻም ያስከትላል። ጎጃም የኑግ አገር ስለ ሆነ የኑግ ዘይት የሚቀቡም አሉ። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ የሚደርቅ ዘይት ነው። ባልትና የሚያውቁ እናቶች ይህን ለማስረዳት ከእኛ ይሻላሉ፤ ምጣድ በጎመን ዘር ሲታሽ ላዩ የሚለሰልሰውና እንጀራ የማይዘው ዘይቱ በሙቀት ደርቆ ልባስ ስለሚሆን ነው። ለምጣድ የሚበጀው ልባስ ለሚታጠፍ ቆዳ አይበጅም። የጉሎ ዘይት ግን በዚህ ዐይነት አይደርቅም፤ ቆዳን በማለስለስም ከጥንት የታወቀ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ሰም የገባበት ቅባት ነው። በጎጃም ሰም የተባለ እንደ ሆነ ወዲያው ወርቁ የት አለ ብሎ መጠየቅ ልማድ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ግን ሰሙ ራሱ ወርቁ ነው። አንድ እጅ ንጹሕ የንብ ሰም፥ ሦስት እጅ የጉሎ ዘይት ወይም ተነጥሮ የተጣራ የበሬ ሞራ በትንሽ ዕቃ አድርጎ፥ ዕቃውን በሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ ማቅለጥ ነው። በቀጥታ በእሳት ላይ ማስቀመጥ ግን አደጋ አለው፤ ሰም በእሳት ይያያዛል። ልጆችም አጠገቡ አይቁሙ። ሲበርድ እንደ ወፍራም ቅባት ይሆናል። በደረቀና በጸዳ ጫማ ላይ፥ በተለይም በእጥፋቱና በስፌቱ መስመር፥ በጨርቅ ስስ አድርጎ አሽቶ ማሳደር ነው፤ ጧት የተረፈውን መጥረግ። ዘይቱ ወደ ቆዳው ይገባል፥ ሰሙ ከላይ ቀርቶ ውሃውን ይመልሳል። አብዝቶ መቀባት ቆዳውን ያልፈሰፍሰዋልና በክረምት በየሁለት ሳምንቱ፥ በበጋ በሁለት ወር አንድ ጊዜ ይበቃል። በቤተ ክርስቲያን የተረፈ የጧፍ ሰም ለዚህ እንደማይውል መናገር የሚያስፈልግ አይመስለንም።

ላዩ ሸካራ ሆኖ እንደ ከፋይ የሚዳሰሰው ቆዳ ቅባት አይወድም፤ ደርቆ በብሩሽ መጠረግ ብቻ ነው። ውሃ የሚከለክል ስስ ልባስ በውስጣቸው የተሰፋባቸው አዳዲስ የተራራ ጫማዎችም ከሠሪያቸው የታዘዘላቸውን እንጂ የቤት ሞራ አይቀቡ። የጫማ ቀለም መልክ ይሰጣል፥ ጥቂትም ይከላከላል፤ ነገር ግን ጭቃው ሳይለቅ በላዩ የተቀባ ቀለም አፈሩን በቆዳው ውስጥ ያትመዋል። በከተማችን መንገድ ዳር የሚሠሩ ሊስትሮዎች ቀለም ከማንሣታቸው በፊት በውሃና በብሩሽ የሚያጥቡት ለዚህ ነውና፥ የሚቸኩል ደንበኛ እጥበቱን ተዉት አይበላቸው።

የሥሩ ስፌት ሲላቀቅ ሳይሰፋ ጫማ ሰፊ ዘንድ መውሰድ ይገባል። ሦስት ጣት የማያህል ቀዳዳ በአንድ ሳምንት ጭቃ ተረከዝ ድረስ ይከፈታል። ጫማ ሰፊዎቻችን በሰም በታሸ ክር ይሰፉታል፤ ያለቀውንም ሥር በመኪና ጎማ ይለውጡታል፤ ከዚህም የተነሣ ሦስት ክረምት ያለፈ ከስክስ አይተናል። የቆዳ ሠራተኛ ፋቂ እየተባለ ይናቅበት የነበረው ልማድ እንዳይቀጥል ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጁን የሚሰድበውን በዐዋጅ ከልክለዋል። በደብረ ማርቆስ የምንኖር ግን ከዐዋጁም የሚቀድም ምክንያት አለን። ከተማችን የተሰየመችበት ወንጌላዊው ማርቆስ እስክንድርያ በገባ ጊዜ የጫማው ጠፍር ተበጥሶ ወደ አንድ ጫማ ሰፊ እንደ ሄደ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይተርካል። ጫማ ሰፊው አንያኖስ ይባላል። ሲሰፋ ወስፌው እጁን ወጋው፤ ማርቆስም ፈወሰው፥ አስተማረውም፤ በኋላም ይህ ሰው ከማርቆስ ቀጥሎ በእስክንድርያ መንበር ተቀመጠ።

ወደ ቤተ መቅደስ ስንገባ ጫማ እናወልቃለን፤ ለሙሴ በኮሬብ የታዘዘው ሥርዓት ነውና። በክረምት ግን የወለቀው ጫማ በዝናብ ሲደበደብ ቅዳሴው ያልቃል፤ ተመልሰው የሚጫሙትም ውሃ የሞላ ዕቃ ይሆናል። ከጣራው ክፈፍ ሥር በጎኑ አጋድሞ ማስቀመጥ ወይም በከረጢት ይዞ መግባት ይቻላል። በጭቃው ዐጸድ በባዶ እግር የቆየም ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ እግሩን ይታጠብ።

ስለ እግር መታጠብ ደግሞ ይህን እንጨምራለን። ጫማ በተጠበቀ ቤት እግር ካልታጠበ ሥራው ግማሽ ነው፤ በጫማ ውስጥ የገባው ጥቂት አፈር ከላብ ጋራ ቀኑን ሙሉ ቆዳውን ያሻዋልና። ማታ ማታ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፥ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅ፥ የተሰነጠቀ ተረከዝ ካለ ቫዝሊን መቀባት፥ ካልሲውንም ማጠብ ነው። እግሩ ማበጥ የጀመረ ሰው ደግሞ ተስፋ አይቁረጥ፥ አይደበቅም። በጊዜ ከጀመረ በየዕለቱ መታጠብ፥ ቅባት፥ በፋሻ መጠቅለልና መጫማት እብጠቱን ያጎድሉታል። የቤተ ክርስቲያናችን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን አይ ኦ ሲ ሲ ከተባለው ዓለም አቀፍ የኦርቶዶክሳውያን በጎ አድራጎት ድርጅት ጋራ ሆኖ በአካባቢያችን ለእንዲህ ያሉ ሕሙማን ሠርቷል፤ ስለዚህ ሕመምተኛውን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ የማያሳፍር መሆኑን ካህናቱም ቢናገሩ ይደመጣሉ።

በጥቅምት መንገዱ ሲደርቅ ጫማውን ደኅና አድርጎ ቀብቶ፥ በፌስታል ሳይቋጥሩ፥ አየር ባለው መደርደሪያ ማስቀመጥ ነው። ሻጋታ ቢወጣበት በደረቅ ጨርቅ ከቤት ውጭ ጠርጎ በነፋስ ማቆየት ይበቃል። ለታላቁ ልጅ የጠበበው ለታናሹ ሲተላለፍ ደግሞ፥ የውስጡን ንጣፍ አውጥቶ አዲስ ማስገባትና፥ ልጁን ከመጫማቱ በፊት ጫማውን በውሃ በተሞላ ገበታ ላይ ለጥቂት ጊዜ አቁሞ ከየት በኩል እንደሚያስገባ ማየት ያስፈልጋል።