ሁሉን በአንድ አካል የያዘው ኮምፒዩተር፤ ጥቅሙና ጕድለቱ

አንድ ነጋዴ ለመጋዘኑ ሚዛን ሲገዛ የሚያቀርበው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ ይኸውም ሚዛኑ ምን ያህል ይመዝናል፥ ስንት ዓመት ያገለግላል፥ ቢሰበርስ ማን ይጠግነዋል የሚል ነው። ለጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር ሲገዛ ግን ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋዋል። ዕቃው በመደብሩ መስኮት ውስጥ ሲያበራ አይቶ፥ የሻጩን ቃል ሰምቶ፥ ገንዘቡን ቈጥሮ ይሰጣል። ስለዚህ አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራውን፥ አይማክ በመባል የሚታወቀውን ኮምፒዩተር፥ ጥቅሙንም ጕድለቱንም በነጋዴ ዐይን መመርመር ተገቢ ይሆናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የዕቃው ዘመናት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ይህ ዓይነት ኮምፒዩተር ከሌላው የሚለየው፥ ማሳያው ለብቻ፥ ሣጥኑ ለብቻ ሆኖ በገመድ የሚያያዝ ሳይሆን፥ የሚያሰላው ክፍል፥ መዝገብ የሚቀመጥበት ክፍል፥ የድምፅ ማጉያውና ማሳያው በአንድ አካል ውስጥ የተሰበሰቡ በመሆናቸው ነው። የመጀመሪያው አይማክ ለገበያ የቀረበው በ1998 ነበር። ታላቁ ለውጥ የመጣው ግን በኦክቶበር 2014 ነው። በዚያን ጊዜ የወጣው ባለ 27 ኢንች አይማክ ማሳያው በአግድም 5,120፥ በቁመት 2,880 ነጥቦች የተደረደሩበት ሲሆን፥ ሲባዛ ከ14 ሚሊዮን 700 ሺህ በላይ ይሆናል። ከእርሱ በፊት የነበረው፥ ስፋቱ እኩል የሆነው ማሳያ የያዘው 3 ሚሊዮን 700 ሺህ ያህል ነጥብ ነበር። እንግዲህ ቀድሞ አንድ ነጥብ በነበረበት ስፍራ አራት ነጥቦች ገቡ ማለት ነው። የመነሻ ዋጋውም በአሜሪካ አገር 2,499 ዶላር ነበር።

ይህ የነጥብ ብዛት ለነጋዴ ምን ይጠቅመዋል ቢባል፥ የመጀመሪያው ጥቅም የፊደል ጥራት ነው። በእኛ ፊደል የ«ቁ» እና የ«ቂ» ልዩነት አንዲት ትንሽ ጭረት ከወገብ ላይ ወይም ከእግር ሥር መቀመጧ ብቻ ነው። በተራ ማሳያ ላይ ጽሑፉ ሲያንስ ይህች ጭረት ትደበዝዛለች፤ ጸሐፊውም እየገመተ ያነባል። ነጥቡ በበዛበት ማሳያ ላይ ግን ጽሑፉ በማተሚያ ቤት እንደ ታተመ ወረቀት ጥርት ብሎ ይታያል። በባንክ የብድር ሰነድ፥ ማለትም በኤል ሲ፥ የሚሠራ አስመጪ ወይም ላኪ እንደሚያውቀው፥ በኢንቮይሱና በጭነት ሰነዱ ላይ ያለ አንድ ፊደል ወይም አንድ አኀዝ ከባንኩ ሰነድ ጋር ካልተስማማ ክፍያው ሊታገድ ይችላል። ከማለዳ እስከ ማታ እንዲህ ያለውን ሰነድ የሚያመሳክር ጸሐፊ፥ ዐይኑ ሳይደክም 3ን ከ8 መለየት መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ግን ማሳያው ደብዛዛ ሆኖ የተነሣን ሰነድ ሊያጠራው እንደማይችል መታወቅ አለበት።

ሁለተኛው ጥቅም ስፋቱ ነው። በ27 ኢንቹ ማሳያ ላይ ሁለት ሙሉ ገጾች ጎን ለጎን ተከፍተው ይነበባሉ፤ ስለዚህ ትእዛዙን ከኢንቮይሱ ጋር ለማስተያየት ወረቀት ማተም አያስፈልግም። ሦስተኛው፥ ሣጥንና ብዙ ገመድ ስለሌለው የጠረጴዛውን ቦታ አያጣብብም። አራተኛው፥ ከ100 እስከ 240 ቮልት ባለው ኤሌክትሪክ ስለሚሠራ፥ ከአሜሪካ ቢመጣም በአገራችን 220 ቮልት ላይ ትራንስፎርመር አይሻም፤ የሚፈልገው ለሶኬታችን የሚስማማ መሰኪያ ብቻ ነው። ስለ ቀለም ጥራቱም ጨርቅ ለሚሸጥና የዕቃ መለያ ወረቀት ለሚያሠራ ነጋዴ ይረዳዋል፤ ነገር ግን ደንበኛው ያንኑ ሥዕል በራሱ ማሳያ ሲያየው ቀለሙ ሊለይበት ስለሚችል፥ የጨርቁን ናሙና መላክ አይቀርም።

አሁን ደግሞ ወደ ጕድለቱ እንመለስ። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ይባላል። ሁሉም በአንድ አካል መሆኑ ያማረውን ያህል፥ አንዱ ክፍል ሲታመም ሁሉም አብሮ ይተኛል። በተለመደው ኮምፒዩተር ማሳያው ቢበላሽ ከጎረቤት ማሳያ ተውሶ ሥራን መቀጠል ይቻላል፤ ሣጥኑ ቢበላሽም ማሳያው ለሌላ ይተርፋል። በዚህ ግን አይቻልም። መስታወቱ በማጣበቂያ የተለጠፈ ስለሆነ፥ ውስጡን ለማየት ማጣበቂያውን ቈርጦ መክፈት፥ ሲጨርሱም በአዲስ መለጠፍ ያስፈልጋል፤ ይህም የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። ከዚህም በላይ ባለ 5,120 ነጥቡ አይማክ ለሌላ ኮምፒዩተር ማሳያ ሆኖ እንዲያገለግል አልተሠራም። ስለዚህ የሚያሰላው ክፍል ሲያረጅ ያ ድንቅ ማሳያ ገና ደኅና ሳለ አብሮ ይጣላል።

ሁለተኛው ጕድለት በኋላ ለማሻሻል አለመመቸቱ ነው። በ27 ኢንቹ ጀርባ ላይ ራም የሚጨመርባት ትንሽ በር ነበረች። በ2021 የወጣው፥ 4,480 በ2,520 ነጥብ ያለው ባለ 24 ኢንቹ አይማክ ግን ይህች በር የለችውም፤ በግዢው ቀን የተመረጠው ራም እስከ መጨረሻው ያው ነው። ኩባንያው በማርች 2022 ባለ 27 ኢንቹን መሸጥ አቁሟል። ስለዚህ በዛሬ ገበያ ባለ 27 ኢንች አይማክ ሲቀርብ፥ ያገለገለ ወይም ከመጋዘን የቀረ ዕቃ መሆኑን ገዢው ይወቀው።

ሦስተኛው የፕሮግራም ጉዳይ ነው። በአገራችን ብዙ የሒሳብ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ፒችትሪ የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ነው። በኢንቴል ቺፕ የተሠሩት የቀድሞዎቹ አይማኮች ዊንዶውስን ለመጫን ይፈቅዱ ነበር፤ ከ2021 ወዲህ በአፕል በራሱ ቺፕ የተሠሩት ግን ይህን በቀጥታ አይፈቅዱም። ያረጁትም ቢሆኑ ሌላ ችግር አለባቸው፤ የ2014ቱ አይማክ በ2020 ከወጣው ቢግ ሰር ከተባለው ሥርዓት ወዲያ አዲስ አይቀበልም። እንዲህ ባለ ኮምፒዩተር የባንክ ሥራ መሥራት ለሌባ በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው። ባለ 24 ኢንቹ ደግሞ መሰኪያዎቹ ሁሉ አዲሱ ታይፕ ሲ ስለሆኑ፥ የቆየ ፕሪንተርና ፍላሽ ያለው ነጋዴ ማገናኛ ሊገዛ ይገባዋል።

አራተኛው፥ እንደ ላፕቶፕ ባትሪ የለውም። መብራት በሄደች ቅጽበት ይጠፋል፤ ያልተቀመጠ ሥራም ይጠፋል። እንግዲህ ዩፒኤስ አብሮ መግዛት የግድ ስለሆነ፥ ዋጋው ከኮምፒዩተሩ ዋጋ ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

ስለ ዋጋ ከተነሣ፥ ባለ 24 ኢንቹ ከ2021 ጀምሮ በአሜሪካ የመነሻ ዋጋው 1,299 ዶላር ሆኖ ቆይቷል። ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር ይህ 74 ሺህ ብር ያህል ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላር ከ100 ብር ሲያልፍ፥ ያው ዕቃ ወደ 130 ሺህ ብር ተጠጋ፤ ይህም የማጓጓዣውና የቀረጡ ወጪ ሳይጨመርበት ነው። መለዋወጫውም የሚመጣው በዚያው ዶላር መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

እንግዲህ ማን ይግዛው? ዋና ሥራው ሰነድ ማንበብ፥ ደብዳቤ መጻፍና ሥዕል ማዘጋጀት የሆነ፥ ለሒሳቡ ሌላ ኮምፒዩተር ያለው ጽሕፈት ቤት ቢገዛው አይጸጸትም። ያለችው አንዲት ኮምፒዩተር ብቻ የሆነች፥ ሒሳቡንም በፒችትሪ የሚይዝ ባለሱቅ ግን፥ ሣጥንና ማሳያው የተለያየውን ገዝቶ የተረፈውን ገንዘብ ለዩፒኤስ ቢያውለው ይሻለዋል። በሣጥን የሚሠራ ሰውም ነጥቡ የበዛ ማሳያ ለብቻው ገዝቶ ማያያዝ ስለሚችል፥ የፊደል ጥራት ቀረብኝ አይልም።

ያገለገለውን የሚገዛ ሰው ደግሞ ሦስት ነገር ይመርምር። አንደኛ፥ የተሠራበትን ዓመት በራሱ በኮምፒዩተሩ ላይ ከፍቶ ይይ፤ 27 ኢንች መሆኑ ብቻ ዘመኑን አይነግርም። ሁለተኛ፥ ነጭ ገጽ ከፍቶ በማሳያው ጠርዝ ላይ ጥላ ወይም የቀለም ለውጥ መኖር አለመኖሩን ይመልከት። ሦስተኛ፥ የቀድሞው ባለቤት የአፕል አካውንቱን በገዢው ፊት ይሰርዝ፤ አለዚያ በኋለኞቹ አይማኮች ገዢው በገንዘቡ የተቈለፈ ዕቃ ተሸክሞ ሊገባ ይችላል። ይህን ዕቃ አምጥቶ የሚሸጥ ነጋዴም ዓመቱን በደረሰኙ ላይ ቢጽፍ ከደንበኛው ጋር ከሚነሣ ክርክር ይድናል።

አዲስም ይሁን ያገለገለ፥ ሁሉ በአንድ አካል የተሰበሰበበትን ኮምፒዩተር የያዘ ነጋዴ መዝገቡን በእርሱ ውስጥ ብቻ አያኑር። በየሳምንቱ መጨረሻ በሌላ ዲስክ ገልብጦ፥ ዲስኩን ከደረሰኝ ጥራዞቹ ጋር በካዝና ይቈልፍበት። ኮምፒዩተር በገንዘብ ይተካል፤ የአሥር ዓመት የደንበኞች ሒሳብ ግን በየትኛውም መደብር አይሸጥም።